የኮሶዬዋ ምስክርነት

ወይራ አፋፍ
የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክንዱዬ፣ የዓይኔ ማረፊያ፤

እንደ ወጉማ መጀመሪያ ጤናህን ጠይቄ፣ የዘመድ አዝማዱን ደህንነት ነግሬህ፣ ከዚያ ነበር ወደ ጉዳዩ መግባት የነበረብኝ። ዛሬ ግን አልቻልሁም። ከጎንደር ከተመለስን ሰንብተናል፤ እኔ እስካሁን ከድንጋጤዬ አልተመለስሁም። የያዝሁት ዕቃ ከእጄ ይወድቃል። እሳት ላይ የጣድሁትን እረሳለሁ። አክስትህ ይርገዱ፣ "ምን አይተሽ ነው እንዲህ የፈዘዝሽው?" ትለኛለች። ያየሁትንማ እሷም አጠገቤ ቁጭ ብላ አይታዋለች። እሷን ምንም ያልመሰላት ነገር ነው እኔን ያፈዘዘኝ።

ስልኩ ከጠፋ ወር አልፎታል። ተራራው አናት ላይ ወጥተው የሚሞክሩ አሉ፤ እኔ ግን ይህን ነገር ተራራ ላይ ቆሜ እየጮህሁ ልነግርህ አልፈልግም። ደብዳቤውን የሚያደርስልኝ የምናለ አማች ነው። ኑግ ጭኖ እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ከዚያ ለድሬዳዋ ሾፌር ይሰጥልኛል። ፊደሌ ቢንጋደድብህ ታገሰኝ፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በኩራዝ የተማርሁት ነው። ላሟ ወልዳለች፣ ጥጃው ቀይ ነው። የአባትህ ጉልበት እንደ ድሮው ነው፤ ቁልቁለቱን ሲወርድ ያቃስታል፣ ዳገቱን ሲወጣ ግን እኔን እየቀደመኝ ይኩራራል። አንተ በዚያ ሙቀት ውሃ ጠጣ እሺ፤ ትምህርት ቤት ስትውል ጉሮሮህ እንዳይደርቅ።

አሁን ወደ ነገሬ።

አንተ ጽፈህ፣ አስፈርመህ፣ በየቢሮው ስታመላልሰው የነበረው አቤቱታ በመጨረሻ መልስ አገኘ። ያገኘውም ድንጋይ ፈጪዎቹ ስለመጡ ነው መሰለኝ። ከመስቀል በኋላ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች መጡና ከደኑ በታች ያለውን ጥቁር ድንጋይ እየቆረቆሩ አዩት። ለመንገድ ጠጠር የሚሆን ሸጋ ድንጋይ ነው አሉ። ከዚያ ወደ ላይ ወጡና በወይራዎቹ ግንድ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፉባቸው። በጫማቸው ገብተው፣ ክንዱ። ከደገኛው፣ ከተቀደሰው ደን ውስጥ በጫማ ገብተው። ይርገዱ ያን ቀን ራሷን ይዛ ስታለቅስ ዋለች።

ከጥምቀት በፊት አጣሪ ቡድን ከጎንደር መጣ። የመጡት ያንተን አቤቱታ ይዘው ነው። ደኑና ዙሪያው በወይራ አፋፍ ቅማንት ሕዝብ ስም ይመዝገብልን፣ ከዚህ በኋላም በመሬታችን ጉዳይ የሚናገር የራሳችን ሰው በወረዳው ምክር ቤት ይኑረን ብለህ የጻፍኸውን። ሰብሳቢያቸው ፀደይ የምትባል ልጅ እግር ሴት ናት። እንዲህ ያለች ልጅ እኛን ከቁም ነገር ትቆጥረናለች ብዬ አላሰብሁም ነበር፤ ግን ሰው አክባሪ ሆና አገኘኋት። ትምህርት ቤቱ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ወንበር ዘረጉ። መንደሩ ሁሉ ወጣ። አንተ ከሄድህ ወዲህ ኮሚቴውን የሚመራው ምናለ አዲስ ጃኬት ለብሶ ከፊት ቆመ።

ልጅቱ እንዲህ ስትል አስረዳችን፤ ቦታው ባለቤት እንዳለው ከእናንተ በዕድሜ የገፋው ሰው ምሎ ይመስክር፣ ከተመሰከረ ፈጪዎቹ ሌላ ቦታ ይፈልጋሉ። ነገሩ ይኸው ነው፣ ከዚህ የሚከብድ አይደለም አለች። ሁላችንም ቀለለን። የእምነታቸው አለቃ ወምበሩ ካረፉ ወዲህ ሌላ አልተሾመም፣ በዕድሜ የገፋው አባትህ ነው። በመስቀል ማለና ቆመ።

"አባቴ፣ ይህ ደን የማን ነው?" አለችው።

"የማንም አይደለም" አለ።

ክው አልሁ። መጀመሪያ ጥያቄውን ያልሰማ መሰለኝ፤ ጆሮው እንደሆነ ደከም ብሏል። ልጅቱም እንደኔው መሰላት፣ ጠጋ ብላ፣ "የመንደሩ ሕዝብ የወል ነው ማለትዎ ነው?" አለችው።

"አይደለም። የሰው አይደለም።"

ምናለ ከቆመበት ተስፈነጠረ። "አያ አስናቀው፣ ምነው? በል እንጂ! የእኛ ነው በል!"

"ማልሁ እኮ" አለው አባትህ። "ምሎ የሚዋሽ ሰው ነው እንዴ የፈለጋችሁት?"

አንተ ወጉን ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ። ከደኑ የተወለደ ሰው ስለ ደኑ "የእኔ ነው፣ የእኛ ነው" አይልም፤ እንዲያ ያለ አፉን አረከሰ፣ ደኑንም አዋረደ ነው። በዚህ ቤት ስኖር "ደናችን" የሚል ቃል ከአንድ ሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም። "እዚያ" ይላሉ፣ ወይ "ደገኛው" ይላሉ፣ በአገጫቸውም ወደዚያ ያሳያሉ። ከአባትህ ጋር የተጣላችሁትም አንተ በወረቀት ላይ "ደናችን" ብለህ ስለጻፍህ አይደል? እኔ ግን ለዚያች አንድ ቀን እንኳ ወጉን ያልፉታል ብዬ ነበር። ሽማግሌዎቹን አየኋቸው፤ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል፤ አባትህን የተቆጣ ከምናለ በቀር አንድም የለም። የአንተ የስንት ዓመት ልፋት ዓይኔ እያየ በአንድ ቃል ፈረሰ፤ ያፈረሰውም የወለደህ ነው። ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና ብቻዬን ተቀመጥሁ።

ማታ ግን ዝም ማለት አልቻልሁም። "አንተ ሰው" አልሁት፣ "በዚህ ደን የተነሳ ልጅህን ከቤት አስወጣህ፤ አሁን ደግሞ ደኑን ራሱን አሳልፈህ ሰጠኸው። ምን ቀረህ?"

ከዚያ እንዲህ አለኝ፤ ቃል በቃል ነው የምጽፍልህ። "የእኔ ያልሁት ነገር ሁሉ ከእጄ ወጥቷል፣ የትነበርሽ። በሬዬ አልሁ፣ ሞተ። መሬቴ አልሁ፣ ለሰው ተደለደለ። ልጄ አልሁ…" እዚህ ላይ ቆመና ጋቢውን ጎተት አደረገ። "ደኑን ግን ማንም የእኔ ብሎት ስለማያውቅ ይኸው እስካሁን አለ። የሰው ካደረግነው ይሸጣል። ዛሬ ባይሸጥ ነገ የምናለ ልጅ ይሸጠዋል።"

ተናድጄበት ነበር፤ ግን "ልጄ አልሁ" ሲል ድምፁ ሌላ ሆነብኝ። ከሄድህ ወዲህ ስላንተ ሲያነሳ ያን ቀን መጀመሪያው ነው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወረቀት ተለጠፈ። ባለቤት ነኝ ባይ ያልቀረበበት ቦታ ስለሆነ ለድንጋይ መፍጫ እንዲውል ታስቧል፤ ተቃውሞ ያለው ጎንደር መጥቶ ለመጨረሻ ጊዜ ይሰማል ይላል። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። እኔ አልተጠራሁም፤ ሴቶቹም ወንዶቹም ከቆሙበት ስደርስ ወሬ ይለውጡ ነበር። ያን ጊዜ አላስተዋልሁትም። ምናለ፣ "እኔ እናገራለሁ፣ ዘመኑ ተለውጧል፣ እኔ አልፈራም" እያለ ሰፈሩን ሲዞር ሰነበተ። ለመሄድ የተመረጡት ሽማግሌዎቹ ብቻ ነበሩ፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ይርገዱ መጥታ፣ "አንቺም መሄድ አለብሽ፤ አያ አስናቀውን በጉልበቱ ማን ይደግፈዋል?" አለችኝ። እሷ እህቱ እያለች፣ ያውም ከእኔ የምትጠነክር። እኔ ሞኟ ተደሰትሁ። ቀሚሴን አጠብሁ።

መንገድ ላይ ያቺን ኩርባ ስናልፍ ዓይኔን መለስሁ። ታስታውሳለህ። በዚያ በክፉው ዓመት ቅማንት እየለዩ መንገዱን የዘጉት ልጆች ከማኪና አውርደው፣ "የማን ነሽ?" ብለው የጠየቁኝ ቦታ ናት። የኮሶዬ ልጅ ነኝ ብል፣ ወንድሜ አምሐ እዚያ አለ፣ ቤተ ክርስቲያኔ እዚያ ናት ብል ያን ጊዜውኑ ይለቁኝ ነበር፤ የአነጋገሬ ዜማ ራሱ ይመሰክርልኝ ነበር። "የወይራ አፋፍ ነኝ" አልኋቸው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አስቀመጡኝ። ፈልገህ ያገኘኸኝ አንተ ነህ፤ ከንፈሬ ተሰንጥቆ መናገር አቅቶኝ ነበር። አንተን እንዲህ ብዬ አላውቅም፣ አሁን ግን ልንገርህ፤ ያን ቀን ተጠምቼ እያለ ደስ ብሎኝ ነበር።

ምክንያቱም በሙሽርነቴ ወደዚህ መንደር ስመጣ ማንም በስሜ አልጠራኝም። "ኮሶዬዋ" ነበርሁ። ኮሶዬዋ ውሃ ቀድታ መጣች፣ ኮሶዬዋ ወለደች፣ የኮሶዬዋ ልጅ ትምህርት ጎበዝ ነው። ይርገዱማ ስሜን የምታውቅ አልመሰለኝም። ከመጣሁ አርባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው ያ የመንገዱ ነገር የደረሰው። ከዚያ ቀን ወዲህ "ኮሶዬዋ" የሚለኝ ጠፋ። ይርገዱ ራሷ ለሰው ስታስተዋውቀኝ "የእኛዋ" አለችኝ። እኔ ተሹሜም ተሸልሜም አላውቅም፤ የተሾምሁት ያን ቀን ነው።

ጎንደር ስንገባ አዳራሹ ብርድ ነበር፤ ወንበሩ ብረት ነው። የፈጪዎቹ ሰውየ ሸጋ ኮት ለብሶ፣ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተናገረ። ክፉ ነገር አልተናገረም፤ ያለው እውነት ነው። "በዕድሜ የገፉት የመንደሩ ሰው ራሳቸው ምለው የማንም አይደለም ብለዋል፤ እኛ ከማን ቀማን?" አለ። ምናለ ተጠራ። ያ ሁሉ ሲፎክር የሰነበተ ሰው ተነሳ፣ ጃኬቱን ቆለፈ፣ አፉን ከፈተ። "ይህ ደን…" አለ። ደገመው፤ "ይህ ደን…"። ላቡ ግንባሩ ላይ ወጣ። አባትህ ቀና ብሎ አላየውም፣ ማንም አልገሠጸውም፣ ግን ቃሉ አልወጣለትም። ተቀመጠ። ያን ጊዜ ነው ወጉ ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ። እናቱ ሆድ ውስጥ እያለ የገባበት ነገር ነው መሰለኝ።

ፀደይ ዙሪያውን አየች። የጨነቃት ትመስል ነበር። "ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህ ደን የማን እንደሆነ የሚነግረኝ አንድ ሰው የለም?" አለች።

ይርገዱ ጎኔን በክርኗ ነካችኝ። "አንቺ ትችያለሽ" አለችኝ በሹክሹክታ። "አንቺን አይከለክልሽም።"

ልጄ፣ ደርቄ ቀረሁ። ለጉልበት ድጋፍ አይደለም ያመጡኝ። ወሬ የለወጡት ለዚህ ነው። ተማክረው፣ ጨርሰው፣ እንደ ባዕድ ቆጥረው ነው ያመጡኝ፤ ባዕድ ስለሚያስፈልጋቸው። ሽማግሌዎቹ ሁሉ እኔን ያያሉ። አባትህ ብቻ ወለሉን ያያል። ብቀመጥ ደኑ ይሄዳል፣ ወይራዎቹ ላይ ያ ቀይ ቁጥር አለ። ብነሳ ደግሞ እንደ ወይራ አፋፍ ሴት መነሳት አልችልም፤ የወይራ አፋፍ ሴት ያን ቃል አትናገርም። እግሬ እንዴት እንዳነሳኝ አላውቅም።

ልጅቱ አስማለችኝ። "የየት ነዎት፣ እናቴ?" አለች።

"የኮሶዬ።"

"ከወይራ አፋፍ ሕዝብ ነዎት?"

"ባሌ ከእነሱ ነው። የወለድሁት ልጅ ከእነሱ ነው። እኔ ግን አይደለሁም። ባዕድ ነኝ።" ድምፄን ስሰማው የእኔ አልመሰለኝም። ምለው ካወጡት ቃል መመለስ እንደሌለ አውቃለሁ።

"እሺ። ደኑ የማን ነው?"

"የእነሱ ነው" አልሁ።

ሁሉም ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁ። እኔ ግን አንዴ ከጀመርሁ ማቆም አቃተኝ። እኔ የመጣሁት እንጨት ከሚለቀምበት አገር ነው አልኋት። ሙሽራ ሆኜ ስመጣ አማቴ ደኑ አፋፍ ላይ አቁማ ጫማዬን አስወለቀችኝ፤ እንኳን ሙሽራ ሬሳ ተሸክመው ሲያልፉም ያወልቃሉ። ነፋስ የጣለውን ጥድ የሚያነሳ የለም፤ ጎረቤታቸው ማገዶ አጥቶ ኩበት እየለመነ ጥዱ እዚያው ወድቆ ይበሰብሳል። ያ ድርቅ የመጣ ጊዜ ከብቶቻቸው ደኑ ጥግ ላይ ተኝተው ሞቱ፣ ከውስጥ አንድ እፍኝ ሣር ያጨደላቸው የለም። እኔ ልጭድ ተነስቼ ባሌ እጄን ያዘኝ። በዓመት አንድ ቀን ሽማግሌዎቹ ገብተው በዱሮው ቋንቋ አምላካቸውን መዝገናን ይለምናሉ፤ ስሙን እኔ እስካሁን እንደነሱ አድርጌ መጥራት አልችልም። "የእኛ ነው" አይሉሽም፣ አልኋት፤ አይናገሩትም። ሰው የራሱ ያልሆነውን ነገር ግን እንዲህ አይጠብቅም። ይህን እኔ ያየሁት ባዕድ ስለሆንሁ ነው፤ እነሱማ ለመዱት፣ አያዩትም።

ፀደይ ለጸሐፊው ዞር ብላ፣ "ጥቅም የሌላት ምስክር ብለህ ያዝልኝ" አለችው። ለእኔም ለማስረዳት፣ "ጥሩ ነው እናቴ፣ ከነገሩ ድርሻ የሌለው ሰው ሲመሰክር ነው የሚታመነው" አለችኝ። ልታመሰግነኝ ነው። "ድርሻ የሌለው" የሚለው ግን እዚህ ደረቴ ላይ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ጠሩን። ደኑና ዙሪያው በወይራ አፋፍ ሕዝብ የወል ይዞታ ሆኖ ይመዝገብ፣ ፈጪዎቹ ሌላ ቦታ ይፈልጉ ተባለ። ሕዝቡም ስሙን አስመዝግቦ ለምክር ቤቱ የራሱን ሰው ይምረጥ ተባለ። ተሳካልህ፣ ክንዱ! ያልኸው ሁሉ ሆነ! ይርገዱ እልልታዋን አቀለጠችው፤ የአዳራሹ ጥበቃ እንኳ እየሳቀ ተወ። ሽማግሌዎቹ እየተነሱ ትከሻዬን ሳሙኝ። ምናለ እጄን ይዞ አለቀሰ። ይርገዱ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ምን አለች መሰለህ? "እደጊልን፣ ኮሶዬዋ!" አለች። ከልቧ ነው። በደስታዋ ነው።

ከዚያ ስም ማስመዝገብ ሆነ። የመጀመሪያውን ስም ያስያዘው አባትህ ነው፤ የራሱን አይደለም። "ክንዱ አስናቀው" አለ፣ ጮክ ብሎ። በሌለህበት ከሁሉ በፊት የተመዘገብኸው አንተ ነህ። የተጣላችሁትን ትቶታል ማለት ነው፤ እሱ ከዚህ በላይ ይቅር የሚልበት ቋንቋ የለውም፣ አንተም ታውቀዋለህ። እኔ ተራዬ ደረሰ ብዬ ቀረብሁ። ፀደይ ቀና ብላ አየችኝና ፊቷ ተለወጠ። "እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለችኝ፣ "እርስዎን ከእነሱ ጋር ካስገባሁ ምስክርነትዎ ይፈርሳል። ደኑም አብሮ።" እውነቷን ነው። "አይ፣ እኔ እኮ ውሃ ፈልጌ ነው" ብዬ አለፍሁ።

ማታ ያደርንበት ቤት ይርገዱን ለብቻዋ አገኘኋትና፣ "ምነው አስቀድማችሁ ብትነግሩኝ?" አልኋት። "ፈራን" አለችኝ። "ስንት ዘመን የእናንተ ነኝ ስትይ ኖረሽ፣ ባዕድ ነኝ በይልን ብለን በየት አፋችን እንጠይቅሽ?" ወንድሟ ያውቅ ነበር ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም። እሱንም አልጠየቅሁትም። በማኪና ስንመለስ ከመስኮቱ ውጭ ሲያይ መጣ።

ከዋናው መንገድ ወርደን በእግር ስንወጣ ሌሎቹ ቀደሙን፤ በጉልበቱ ምክንያት እኔና እሱ ኋላ ቀረን። ደኑ አፋፍ ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ እንደምናደርገው ቆመ፣ ትከሻዬን ተደግፎ ጫማውን አወለቀ። እኔም ጎንበስ አልሁ። ላወልቅ ማሰሪያውን ፈትቻለሁ።

"አንቺ ተይው" አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁት።

"መሬቱ ቀዝቅዟል። አንቺ አታውልቂ" አለና በባዶ እግሩ ቀድሞኝ ገባ።

ክንዱ፣ አንተ አባትህን ከእኔ በተሻለ ታውቀዋለህ እያልሁ ራሴን አጽናናለሁ። ለእግሬ አዝኖ ነው? ባለፈው ክረምት እግሬ አብጦ እንደነበር አይቷል፣ እሱ ነው ቅቤ ያሸልኝ። ይሆናል። ግን ያን ክረምትም በባዶ እግሬ ስንገባ "ተይው" አላለኝም ነበር። ብዙ ቆምሁ። ከዚያ ማሰሪያዬን መልሼ አሰርሁና በጫማዬ ተከተልሁት። ከሙሽርነቴ ወዲህ በዚያ መንገድ በጫማ ስሄድ መጀመሪያዬ ነው። ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁት፤ በባዶ እግር ሲሄዱበት ድምፅ የለውም ነበር። እሱ ዞር ብሎ አላየም።

ይኸው ነው ያስደነገጠኝ። በማንም አልተቀየምሁም፤ እንዳይመስልህ። ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ እመሰክራለሁ። ደኑ ተርፏል፤ ወይራዎቹ ላይ ያለውን ቀይ ቀለም ልጆቹ በድንጋይ እየፋቁት ነው። ሰኞ ሰዋቸውን ሊመርጡ ነው፤ አብዛኞቹ አንተ እንድትሆን ይፈልጋሉ። አባትህንም ያንተን አልጋ አውጥቶ ጠፍሩን ሲያጠብቅ አይቸዋለሁ። ስለዚህ ና። ሳትዘገይ ና። ስትመጣም አፋፉ ላይ ጫማህን ማውለቅ አትርሳ፤ ከተማ መኖር እንዳያስረሳህ።

እኔ በዚህ ጾም ኮሶዬ ወርጄ ወንድሜን አምሐን ልጠይቅ አስቤያለሁ። ከሄድሁ ስንት ዘመኔ። እናቴ የተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን አጥሩ ፈርሷል ብሎ ልኮብኛል፣ እሱን አያለሁ። ምን ያህል እንደምቆይ ለአባትህ አልነገርሁትም፤ እኔም ገና አላወቅሁትም። መጥተህ እንዳታጣኝ መንገድህን በዚያ አድርግ፤ ከማኪናው ውረድና የአምሐን ቤት ብትጠይቅ ያሳዩሃል። የማን ነህ ካሉህ የየትነበርሽ ልጅ ነኝ በላቸው።

ያሳደገህ አምላክ በሄድህበት ሁሉ ይቅደምልህ። የምታስተምራቸው ልጆች ያክብሩህ፣ ለወግ ለማዕረግም ይብቁልህ። ከወጣህበት ደጅ በሰላም ያስገባህ። ማርያም በዚያ ሙቀት ጥላ ትሁንህ።

እናትህ
የትነበርሽ፣ የኮሶዬዋ